ሰሌዳው ሲራቆት፦ የቼዝን ማብቂያ ከየት ጀምሮ መማር ይሻላል?

የነጭ ንጉሥ ኢ4 ላይ፣ ወታደሩ ደግሞ ከኋላው ኢ3 ላይ ቆመዋል። የጥቁር ንጉሥ ኢ6 ላይ ነው። ሰሌዳው ላይ ሌላ ምንም የለም። ማን ያሸንፋል? ተራው የጥቁር ከሆነ ነጭ ያሸንፋል። ተራው የነጭ ከሆነ ግን፣ ጥቁር አጠገቡ ያለውን አደጋ እስካወቀ ድረስ፣ አቻ ይለያያሉ።

ይህን የሚያውቅና የማያውቅ ተጫዋች የሚለዩት እዚህ ቦታ ከደረሱ በኋላ ይመስለን ይሆናል። እውነቱ ግን የሚለዩት ከዚያ አሥር፣ አሥራ አምስት እንቅስቃሴ ቀደም ብሎ፣ የመጨረሻዎቹን ግንቦች እንለዋወጥ ወይስ እናቆይ የሚለው ጥያቄ ሲመጣ ነው። አንደኛው ከልውውጡ በኋላ ምን እንደሚቀር፣ የቀረውም በምን እንደሚያልቅ ያውቃል። ሌላው "በአንድ ወታደር እበልጣለሁ፤ ሁሉንም ለዋውጬ አሸንፋለሁ" ብሎ ይገባበትና በእጁ የገባ የመሰለው ጨዋታ አቻ ሲያልቅ ዕድሉን ያማርራል። ስለዚህ ማብቂያን መማር ማለት በመቶ የሚቆጠር ቦታ በቃል መያዝ አይደለም። ጥቂት ቦታዎችን ከነውጤታቸው ጠንቅቆ ማወቅና ጨዋታውን እንደ ሁኔታው ወደ እነርሱ መምራት ወይም ከእነርሱ ማሸሽ ነው።

ከመቀጠላችን በፊት ስለ አጠራር፦ ዓምዶቹን ከነጭ በኩል ሲታዩ ከግራ ወደ ቀኝ ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ኤች እላቸዋለሁ፤ ረድፎቹ ከነጭ በኩል ከ1 እስከ 8 ይቆጠራሉ። ሩኩን ግንብ፣ ቢሾፑን ጳጳስ እለዋለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ሰሌዳ አጠገብዎ ቢኖር ጥሩ ነው፤ ከሌለ ስልክዎ ላይ ያለውም ይበቃል።

አብዛኛው ገና በማደግ ላይ ያለ ተጫዋች ጊዜውን የሚያፈሰው መክፈቻ ላይ ነው። አይፈረድበትም፤ መክፈቻ በየጨዋታው ይመጣል፣ ስም አለው፣ ዩቲዩብ ላይም ወጥመዱ ሞልቷል። ችግሩ ተጋጣሚዎ አራተኛው እንቅስቃሴ ላይ ካጠኑት መስመር ወጥቶ ያልጠበቁትን ሊጫወት መቻሉ ነው። የንጉሥና የአንድ ወታደር ማብቂያን ግን ማንም መስመር ሊያስቀይረው አይችልም፤ ዛሬም የዛሬ መቶ ዓመትም ያው ነው። ከ1921 እስከ 1927 የዓለም ሻምፒዮን የነበረው ኩባዊው ሆሴ ራውል ካፓብላንካ በ1921 ባሳተመው የቼዝ መማሪያ መጽሐፉ ትምህርቱን የጀመረው በቀላል ማቶችና በወታደር ማብቂያዎች ነበር። ሦስት ወይም አራት ጠጠር ብቻ ሲቀር እያንዳንዱ ጠጠር ምን ማድረግ እንደሚችል ፍንትው ብሎ ይታያል፤ ሠላሳ ሁለቱም ሰሌዳው ላይ ሲጨናነቁ ግን ያው ጉልበት ይሸፈናል።

ከወታደር ማብቂያም የሚቀድም ነገር አለ፤ ማት ማድረግ መቻል። ወታደሩ ስምንተኛው ረድፍ ደርሶ ከነገሠ በኋላ ንግሥቲቱን ይዘው ማት ማድረግ ካልቻሉ ማንገሡ ምን ይፈይዳል? በንግሥት ማት ለማድረግ ቀላሉ ዘዴ ንግሥቲቱን ከተጋጣሚው ንጉሥ የአንድ የፈረስ ዝላይ ያህል አርቆ ማስቀመጥ ነው። ከዚያ ንጉሡ ወደ ሄደበት አቅጣጫ ንግሥቲቱም በዚያው ልክ ትከተለዋለች። ቼክ ማለት አያስፈልግም። መሬቱ በየእርምጃው እየጠበበ ንጉሡ ወደ ጥግ ይገፋል።

ጥግ ሲገባ ግን መከተልዎን ያቁሙ። የጥቁር ንጉሥ ኤች8 ላይ ሆኖ ንግሥትዎን ኤፍ7 ወይም ጂ6 ላይ ቢያሳርፉ ንጉሡ የሚሄድበት ቤት የለውም፣ ቼክም አልተባለም፤ ይህ ስቴልሜት ነው፣ ግማሽ ነጥብ ከእጅዎ ወጣ። በዚህ ፈንታ ንግሥቲቱን ሰባተኛው ረድፍ ላይ ራቅ አድርገው፣ ለምሳሌ ዲ7 ላይ፣ ያቁሟት። ንጉሡ በስምንተኛው ረድፍ ላይ ወዲያ ወዲህ ሲል የራስዎን ንጉሥ በእርጋታ ያምጡና በእርሱ ድጋፍ ማት ያድርጉ። ከየትኛውም ቦታ ቢነሱ በንግሥት ከ10 እንቅስቃሴ በላይ አያስፈልግም።

በግንብ ትንሽ ይረዝማል፤ እስከ 16 እንቅስቃሴ ሊወስድ ይችላል። ግንቡ ንጉሡን በአንድ ረድፍ ወይም ዓምድ አግዶ ይይዘዋል፣ ንጉሥዎ ይቀርባል፤ ሁለቱ ነገሥታት ፊት ለፊት ሲተያዩ ግንቡ ከጎን ቼክ ይልና ተጋጣሚውን አንድ ረድፍ ወደ ኋላ ይገፋዋል። ሕጉ ጠጠር ሳይበላ፣ ወታደርም ሳይንቀሳቀስ 50 እንቅስቃሴ ካለፈ አቻ መጠየቅ ይቻላል ስለሚል ጊዜው ሰፊ ነው። ሰዓትዎ ላይ አንድ ደቂቃ ብቻ ሲቀር ግን 16ቱም ይረዝምብዎታልና፣ እጅዎ ሳያመነታ እስኪሠራው ድረስ ደጋግመው ይለማመዱት።

አሁን ወደ ወታደሩ። አንድ ወታደር ብቻውን ለመንገሥ ቢሮጥ የተጋጣሚው ንጉሥ ይደርስበታል? ጣት ቆጥሮ ማወቅ ይቻላል፣ ግን ከዚያ የፈጠነ መንገድ አለ። ወታደሩ ኤች4 ላይ ነው እንበል። እስከ ኤች8 ያለውን ርቀት አንድ ጎን አድርገው በሐሳብዎ አራት ማዕዘን ይሥሩ፦ ኤች4፣ ኤች8፣ ዲ8፣ ዲ4። የጥቁር ንጉሥ በራሱ ተራ እዚህ ማዕዘን ውስጥ መግባት ከቻለ ወታደሩን ይይዘዋል። ንጉሡ ሲ4 ላይ ሆኖ ተራው የእርሱ ከሆነ ዲ5 ይገባል፣ ይደርስበታል። ተራው የነጭ ከሆነ ግን ወታደሩ ኤች5 ይሄዳል፣ ማዕዘኑ ይጠባል፣ ንጉሡ ውጭ ይቀራል። አንዱ ተራ ሙሉ ነጥብ አመጣ። ወታደሩ ገና ሁለተኛው ረድፍ ላይ ካለ ደግሞ ሁለት ቤት መዝለል ስለሚችል ሦስተኛው ረድፍ ላይ እንዳለ አድርገው ይቁጠሩት።

ወታደሩን የራሱ ንጉሥ የሚደግፈው ከሆነ ደግሞ ወደ መነሻችን እንመለሳለን፦ የነጭ ንጉሥ ኢ4፣ ወታደሩ ኢ3፣ የጥቁር ንጉሥ ኢ6። ሁለቱ ነገሥታት በመካከላቸው አንድ ባዶ ቤት ትተው ተፋጠዋል። በጠባብ መንገድ ላይ እንደተገናኙ ሁለት እልኸኛ ሰዎች ናቸው፤ መጀመሪያ የተንቀሳቀሰው መንገድ መልቀቁ ነው። የቼዝ ሰዎች ይህን ፍጥጫ ኦፖዚሽን ይሉታል። ተራው የጥቁር ሲሆን ዲ6 ቢሄድ የነጭ ንጉሥ በኤፍ5 ያልፋል፤ ኤፍ6 ቢሄድ በዲ5 ያልፋል፤ ወደ ኋላ ኢ7 ቢል ነጭ ኢ5 ላይ ይረግጣል። በሦስቱም መንገድ የነጭ ንጉሥ ከወታደሩ ሁለት ረድፍ ቀድሟል፣ ጨዋታውም አልቋል።

ያቺን ሁለት ረድፍ ልብ ይበሉ። ኢ3 ላይ ላለ ወታደር ዲ5፣ ኢ5 እና ኤፍ5 ቁልፍ ቤቶች ናቸው። ንጉሥዎ ከሦስቱ አንዱን ከያዘ ተራው የማንም ይሁን ያሸንፋሉ። ወታደሩ ኢ4 ላይ ከሆነ ቁልፎቹ ዲ6፣ ኢ6፣ ኤፍ6 ይሆናሉ። ወታደሩ አምስተኛውን ረድፍ ከረገጠ በኋላ ደግሞ ነገሩ ይቀልላል፤ ንጉሡ አንድ ረድፍ ብቻ ቢቀድምም ይበቃል። ጀማሪው በብዛት የሚያደርገው የዚህን ተቃራኒ ነው። ወታደሩን ፊት ፊት እየገፋ ንጉሡን ከኋላ ያስከትለዋል። መንገድ የሚጠርገው ንጉሡ ነው፤ ወታደሩ የሚከተለው መንገዱ ከተጠረገ በኋላ ነው።

ወታደሩ ኢ3 ላይ ሳይሆን ኢ2 ላይ ቢሆንስ? ነገሥታቱ እንደነበሩ ይቁሙ፣ ተራው የነጭ ይሁን። ነጭ አሁን ወታደሩን ኢ3 ላይ ያደርገዋል፤ ያቺው የመጀመሪያዋ ቦታ መጣች፣ ተራው ግን ወደ ጥቁር ዞሯል። አቻ የነበረው ወደ ማሸነፍ ተለወጠ። ወታደሮችን ያለ ምክንያት ቶሎ ቶሎ አትግፉ የሚባለው ለዚህ ነው፤ ያልተገፋ ወታደር በችግር ቀን የምትመዘዝ ትርፍ እንቅስቃሴ ነው።

እዚህ ላይ ሳልጠቅሰው የማላልፈው ነገር አለ። በአገራችን የጥንት ቼዝ፣ በሰንጠረዥ፣ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ እንዳሻቸው ያንቀሳቅሱ ነበር። በዛሬው ቼዝ ግን ተራ የማይቀር ነው፤ ማብቂያ ላይ ደግሞ ሸክም የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነው። ባሉበት ቢቆሙ ምንም የማይሆኑበት፣ መንቀሳቀስ ግዴታ ስለሆነ ብቻ የሚወድቁበት ቦታ ዙግዝዋንግ ይባላል። መካከለኛው ጨዋታ ላይ ብዙም አያጋጥምም፤ ሰሌዳው ሲራቆት ግን በየደቂቃው ነው። ስለዚህ ማብቂያ ውስጥ ሲገቡ "አሁን ምን ልጫወት?" ከሚለው ጎን ለጎን "ተራዬን ለእርሱ ባሳልፍለት ምን ይሆናል?" ብለው መጠየቅ ይልመዱ።

ተከላካዩም ማወቅ ያለበት አንድ ነገር አለ። የነጭ ንጉሥ ዲ5፣ ወታደሩ ኢ6፣ የጥቁር ንጉሥ ኢ7 ላይ ነው፤ ተራው የጥቁር ነው። ወደ ኋላ የሚሄድበት ሦስት ቤት አለ። ዲ8 ወይም ኤፍ8 ቢሄድ ነጭ ዲ6 ይላል፣ ጥቁር ወደ ኢ8 ሲመለስ ወታደሩ ያለ ቼክ ኢ7 ይደርሳል፣ ጥቁር ኤፍ7 ለመውጣት ይገደዳል፣ ነጭ በዲ7 አድርጎ ያነግሣል። ቀጥ ብሎ ኢ8 ቢሄድ ግን ነጭ ዲ6 ሲል ጥቁር ዲ8 ብሎ ይፋጠጣል፤ ወታደሩ በቼክ ኢ7 ይደርሳል፣ ጥቁር ኢ8 ላይ ይገባል፣ ነጭም ወታደሩን ላለማጣት ኢ6 ሲል ስቴልሜት ሆኖ ያርፋል። ሕጉ ባጭሩ፦ ሲገፉዎት ቀጥታ ወደ ኋላ ይሂዱ፣ ንጉሡ ሲመጣ ፊት ለፊቱ ይቁሙ። ይህን የያዘ ተጫዋች በአንድ ወታደር ሲበለጥ ተስፋ አይቆርጥም፤ ግንቡን ለዋውጦ ንጉሡን ከወታደሩ ፊት ያስቀምጥና ግማሽ ነጥቡን ይዞ ይሄዳል።

የጠርዝ ወታደር ደግሞ ለአጥቂው የባሰ ነው። ወታደሩ በኤ ወይም በኤች ዓምድ ላይ ከሆነና የተከላካዩ ንጉሥ ጥጉን ከያዘ የነጭ ንጉሥ የትም ቢቆም አቻ ነው። ጳጳስ ቢጨመርም የማያድንበት ጊዜ አለ፤ ወታደሩ በኤች ዓምድ ላይ ሆኖ ጳጳሱ በነጭ ቤቶች ላይ የሚሄደው ከሆነ ጥቁር የሆነውን ኤች8 ሊነካው ስለማይችል ንጉሡን ከጥግ የሚያስወጣው ነገር የለም። ሙሉ ጳጳስና ወታደር በልጦ አቻ! የትኛውን ጳጳስ እንደሚያስቀሩ ሲያስቡ ይህ ትዝ ይበልዎት።

እስካሁን ያልነው ስሌት ነው። የንጉሡን ጉልበት ከነውበቱ ለማየት ግን የቼኮዝሎቫኪያው ሪቻርድ ሬቲ በ1921 የደረሰውን እንቆቅልሽ የሚያህል አላውቅም። የነጭ ንጉሥ ኤች8 ጥግ ላይ ነው፣ ወታደሩ ሲ6። የጥቁር ንጉሥ ኤ6፣ ወታደሩ ኤች5፤ ይህ ወታደር ወደ ኤች1 ይወርዳል። ተራው የነጭ ነው፤ የሚፈለገው አቻ መውጣት ብቻ ነው። ሲያዩት የማይቻል ነው። የጥቁርን ወታደር ለመያዝ ንጉሡ ሁለት እርምጃ ዘግይቷል፤ የራሱን ወታደር ለመርዳትም ሩቅ ነው፣ የጥቁር ንጉሥ በሁለት እርምጃ ይበላዋል።

ነጭ ጂ7 ይላል፣ ጥቁር ወታደሩን ኤች4። ነጭ ኤፍ6። አሁን ጥቁር ወታደሩን ወደ ኤች3 ቢያስሮጥ ነጭ ኢ7 ይገባና የራሱን ወታደር ያግዛል፤ ሁለቱም በየተራቸው ያነግሣሉ። ጥቁር ይህን አይቶ ቢ6 ቢል ነጭ ኢ5 ይላል። ይህ እርምጃ ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ያስፈራራል። ጥቁር ሲ6 ላይ ያለውን ወታደር ቢበላ ነጭ ኤፍ4 ብሎ ማዕዘኑ ውስጥ ገብቷል፣ ወታደሩን ይይዘዋል። ኤች3 ብሎ ቢሮጥ ደግሞ ነጭ ዲ6 ይልና የራሱ ወታደር ይነግሣል። ንጉሡ በሰያፍ በመሄዱ በአንድ መንገድ ሁለት ሩጫ ሮጠ። በቀጥታ ከኤች8 ወደ ኤች4 ያለው ርቀትና በሰያፍ ከኤች8 ወደ ዲ4 ያለው ርቀት በእርምጃ እኩል ናቸው፤ ሰሌዳው እንደ መሬት አይደለም። እንቆቅልሹን አንድ ጊዜ በእጅዎ ጠጠር ይዘው ቢያንቀሳቅሱት ንጉሥዎን መካከለኛው ቦታ ላይ ከማቆም ሌላ አያምርዎትም።

መክፈቻ ላይ ንጉሡን ደብቅ ስንባል ኖረናልና ማብቂያ ላይ ለማውጣት እንፈራለን። ካፓብላንካ በ1924 ኒውዮርክ ላይ ከሳቪየሊ ታርታኮወር ጋር ያደረገው ጨዋታ ለዚህ ፍርሃት መድኃኒት ነው። የግንብ ማብቂያ ነበር። የካፓብላንካ ግንብ ሰባተኛው ረድፍ ላይ ሆኖ የጥቁርን ንጉሥ ከኋላ አግዶታል። በዚህ ጊዜ ካፓብላንካ ሁለት ወታደሮቹን፣ ሁለቱንም በቼክ፣ እያስበላ ንጉሡን ከጂ3 በኤች4 እና በጂ5 በኩል እስከ ኤፍ6 ድረስ ወሰደው። እዚያ ሲደርስ ኤፍ5 ላይ የቆመው የጥቁር የራሱ ወታደር የነጭን ንጉሥ ከቼክ ከለለው። ለምን አይበላውም? ቢበላው መጠለያው ይፈርሳል። ንጉሡ፣ ግንቡና ጂ6 የደረሰው ወታደር ተባብረው ማት ማስፈራራት ጀመሩ፤ የተሰጡት ወታደሮች አንድ በአንድ ተመለሱ። በዚያ ሰዓት ወታደር ከመቁጠር ይልቅ ማን ንቁ ነው ብሎ መጠየቁ በለጠ።

ግንብ ያለበት ማብቂያ በተግባር ከሁሉም በብዛት የሚመጣው ነው። ምክንያቱም ግንቦች ከጥግ የሚወጡት ዘግይተው ስለሆነ የሚለዋወጡትም ዘግይተው ነው። እዚህ ሁለት ቦታ ይበቃዎታል። የመጀመሪያው የተከላካዩ ነው፣ በፈረንሳዊው ፍራንስዋ-አንድሬ ፊሊዶር ስም ይጠራል፤ ሰውየው ኦፔራ የሚደርስ የሙዚቃ ሰውም ነበር። የነጭ ንጉሥ ዲ5፣ ወታደሩ ኢ5፣ ግንቡ ኤች7፤ የጥቁር ንጉሥ ኢ8፣ ግንቡ ኤ6። የጥቁር ግንብ ስድስተኛው ረድፍ ላይ ቆሞ የነጭን ንጉሥ እንዳይገባ ይከለክላል፤ ነጭ ሌላ ነገር ሲሞክር ግንቡ በዚያው ረድፍ ወዲያ ወዲህ ይላል። ነጭ ተስፋ ቆርጦ ወታደሩን ኢ6 ሲገፋው፣ ያኔ ብቻ፣ የጥቁር ግንብ እስከ ኤ1 ይወርዳል። የነጭ ንጉሥ ዲ6 ቢገባ ከዲ1 ቼክ፣ ኢ5 ቢል ከኢ1 ቼክ። ይከልለው የነበረው ወታደር ወደ ፊት ሄዷልና የሚሸሸግበት የለም። ወታደሩ ከመገፋቱ በፊት መውረድ ስህተት ነው፤ ከተገፋ በኋላ ስድስተኛው ረድፍ ላይ መቆየትም ስህተት ነው። ቅደም ተከተሉን እንጂ ቦታውን ብቻ አይያዙ።

ሁለተኛው የአጥቂው ነው። የሉሴና ቦታ ይሉታል፤ በ1497 የቼዝ መጽሐፍ ባሳተመው ስፔናዊ ስም የተጠራ ቢሆንም በእርሱ መጽሐፍ ውስጥ ግን የለም፣ በጽሑፍ የተገኘው በ1634 በጣሊያናዊው ሳልቪዮ መጽሐፍ ነው። የነጭ ንጉሥ ዲ8፣ ወታደሩ ዲ7፣ ግንቡ ኤፍ1፤ የጥቁር ንጉሥ ጂ7፣ ግንቡ ሲ2። ወታደሩ ሊነግሥ አንድ እርምጃ ቀርቶታል፣ ግን የራሱ ንጉሥ መንገዱን ዘግቶታል። ንጉሡ ዝም ብሎ ቢወጣ በቼክ ሲባረር ይውላል። ስለዚህ መጀመሪያ ግንቡ ኤፍ4 ይወጣል። ጥቁር ግንቡን ሲ1 አድርጎ ይጠብቃል እንበል። ንጉሡ ኢ7 ይወጣል፣ ከኢ1 ቼክ፤ ዲ6፣ ከዲ1 ቼክ፤ ኢ6፣ ከኢ1 ቼክ፤ ዲ5፣ ከዲ1 ቼክ፤ አሁን ግንቡ ከኤፍ4 ወደ ዲ4 መጥቶ ጋሻ ይሆናል፣ ቼኩም ያበቃል። አራተኛው ረድፍ ላይ መውጣቱ ለዚህ ነበር። ዘዴው ድልድይ መሥራት ይባላል።

ሁለቱን ካወቁ የግንብ ማብቂያ ውስጥ ሲገቡ የሚያልሙት ነገር አለ፤ አጥቂ ከሆኑ ወደ ሉሴና፣ ተከላካይ ከሆኑ ወደ ፊሊዶር። ከዚህ ላይ የሚጨመር አንድ ልማድ ቢኖር ጀርመናዊው ዚግበርት ታራሽ ያስተማረው ነው፦ ከፊቱ የሚያግደው ወታደር የሌለውን ነፃ ወታደር ግንብዎ ከኋላው ሆኖ ይንዳው፤ የተጋጣሚዎ ከሆነም ከኋላው ሆነው ይያዙት። ወታደሩ በተገፋ ቁጥር ከኋላ ያለው ግንብ ሜዳው ይሰፋለታል፣ ከፊት ያለው ይጠብበታል። ይህ የዓለም ሻምፒዮናን ወስኗል። በ1927 ቦነስ አይረስ ላይ አሌክሳንደር አሌኪን ካፓብላንካን የጣለበት ሠላሳ አራተኛውና የመጨረሻው ጨዋታ የግንብ ማብቂያ ነበር። አሌኪን ግንቡን ከኤ ዓምዱ ነፃ ወታደር ኋላ አቆመ፤ የካፓብላንካ ግንብ ከፊት ሆኖ ሲጠብቅ እጅ እግሩ ታሰረ፤ አሌኪን ንጉሡን ወደ ሌላው ጎን ወሰደና ዘውዱን ቀማ። ማብቂያን ለዓለም ያስተማረው ሰው በማብቂያ ተሸነፈ።

ስለ ጳጳስና ፈረስ ብዙ አልልም። ሁለቱ ጳጳሳት በተለያየ ቀለም ቤት የሚሄዱ ከሆነ ሁለት ወታደር መብለጥ እንኳ ላይበቃ እንደሚችል፣ ፈረስም ከጠርዝ ወታደር ጋር ሩጫ ሲገጥም እንደሚቸገር ማወቅ ለጊዜው ይበቃል።

ልምምዱ እንዴት ይሁን? ቪዲዮ አይቶ "ገባኝ" ማለት አያዋጣም። ከላይ ያሉትን ቦታዎች ሰሌዳ ላይ ደርድረው ከኮምፒውተር ጋር ይጫወቷቸው፣ መጀመሪያ በነጭ ቀጥሎም በጥቁር። ሊቼስ የተባለው የቼዝ ድረ ገጽ በነፃ የሚሰጥ ስለሆነ ለዚህ ይመቻል፤ ሰሌዳው ላይ ሰባት ወይም ከዚያ ያነሰ ጠጠር ሲቀር የትኛው እንቅስቃሴ እንደሚያሸንፍ፣ የትኛው አቻ እንደሚያወጣ ያለ ጥርጥር ያሳያል። ግምት አይደለም፤ እስከ ሰባት ጠጠር ያለው ሁሉ ተሰልቶ አልቆ ማኅደር ውስጥ ተቀምጧል። ከዚህ ማኅደር ጋር አይማሩ፣ በእርሱ ይታረሙ፤ መጀመሪያ ራስዎ ያስቡ፣ መልስዎን ይወስኑ፣ ከዚያ ይክፈቱት። የራስዎን ጨዋታዎች ሲመረምሩም ከተሸነፉበት እንቅስቃሴ ይልቅ የመጨረሻው ትልቅ ልውውጥ የተደረገበትን ያግኙና "ከዚህ በኋላ የቀረው ያሸንፋል ወይስ አቻ ነው?" ብለው ይጠይቁ። መጽሐፍ ለሚፈልግ የአሜሪካዊው ጄረሚ ሲልማን የ2007 የማብቂያ መጽሐፍ ትምህርቱን በጠጠር ዓይነት ሳይሆን በተጫዋቹ ደረጃ ከፋፍሎ ስለሚያቀርብ፣ ደረጃዎ ላይ ሲደርሱ ማቆም ይችላሉ። የሩሲያዊው አሠልጣኝ የድቮሬትስኪ የማብቂያ መጽሐፍ በጣም የተከበረ ነው፣ ግን በዚህ ደረጃ ላሉ ሰዎች ከባድ ስለሆነ አልመክረውም።

ከዕውቀቱ ጋር ትዕግሥትም ይለመዳል። ማግነስ ካርልሰን በ2013 ቼናይ ላይ ቪስዋናታን አናንድን ሲያሸንፍ አምስተኛውንና ስድስተኛውን ጨዋታ የወሰደው ብዙዎች እኩል ነው ብለው በተዉት የግንብ ማብቂያ ነው። በ2021 ዱባይ ላይ ኢያን ኔፖምኒያሺን ያሸነፈበት ስድስተኛው ጨዋታ ደግሞ 136 እንቅስቃሴ ፈጅቷል፤ በዓለም ሻምፒዮና ታሪክ ረጅሙ ነው። ተጋጣሚዎ የሚያስፈራራ ነገር ከሌለው ንጉሥዎን አንድ ቤት ያሻሽሉ፣ ወታደርዎን ባለበት ይተዉት፣ እርሱ ምን እንደሚያደርግ ይዩ። በፈጣን ጨዋታ ግን ይህ ሰዓት ይበላል፤ ሃያኛው እንቅስቃሴ ላይ ሰዓትዎን ጨርሰው ማብቂያ ላይ በሰከንዶች የሚጫወቱ ከሆነ ከላይ የተባለው ሁሉ አይታወስዎትም። መክፈቻውን ፈጠን ብለው፣ ለማብቂያው ጊዜ ይተዉ።

ብዙ ሰው የሚጠይቀው አንድ ነገር ቀረ፤ በጳጳስና በፈረስ ብቻ ማት ማድረግ። እስከ 33 እንቅስቃሴ ይወስዳል፣ ንጉሡንም ጳጳሱ ወደሚቆጣጠረው ቀለም ጥግ መንዳት ይጠይቃል። ቆንጆ ነው፣ ከባድም ነው፤ በጨዋታ ላይ ግን ለዓመታት ላያጋጥምዎት ይችላል። የንጉሥና የወታደሩ ፍጥጫ ግን በዚህ ሳምንት ሊመጣብዎት ስለሚችል ያኛው ይቆይ።